እርፍ ያልጨበጡ ገበሬ
(በሬዲዮ ለጎልማሶች የንባብ ትምህርት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። የየቤታችን ታሪክ ነው። ስለ አያት እንነጋገራለን፤ ይኸውም ዕድሜ ልካቸውን መሬት ሲያለሙና ከብት ሲያረቡ ኖረው፣ «ገበሬ» ብሎ የሚጠራቸው ሰው ስላጡ አያት ነው።

በመጀመሪያ ከአንድ ቃል እንነሣ። «ገበሬ» ሲባል በሐሳባችሁ የሚመጣው ማን ነው? በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ከጥማድ በሬ ኋላ የሚሄድ ወንድ አይደለም እንዴ? ሥዕሉ እውነት ነው። ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። በደጋው አገራችን በልማድ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ከዚህ የተነሣ እርሻው የሚጠራው በእርፍ ያዡ ስም ሆነ። ግብር የሚጻፈው በእሱ ስም፣ ደረሰኝ የሚቆረጠውም በእሱ ስም ነበር። ተረቱም «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» ይላል።

ታዲያ እርፍ የሚይዘው ሰው ሲሞትስ? እርሻው ይቆማል? ቤቱ ይፈታል? ለዚህ ጥያቄ መልሱን የምናገኘው ከአንዲት የመንዝ ሴት ሕይወት ነው። እኒህ ሴት የእኔ አያት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ በእናንተም ቤት እንደሳቸው ያሉ አያት አሉ፣ ወይም ነበሩ።

ዕድሜ እንዴት ይቆጠራል?

አያቴ የተወለዱበትን ዓመት አያውቁም ነበር። በዚያን ዘመን በገጠር ልደት የሚጽፍ መዝገብ አልነበረም። «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ሲባሉ፣ «እኔ ምን አውቄ! ጣልያን ሲገባ የበግ እረኛ ነበርኩ። ጣልያን ሲወጣ ተዳርኩ» ይሉ ነበር።

ይኼ የማያውቅ ሰው መልስ ይመስላል እንጂ ደህና የታሪክ ማስረጃ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። ጣልያን አገራችንን የወረረው በ1928 ዓ.ም. ነው። በግ የምትጠብቅ ልጅ አሥር ዓመት ግድም ይሆናታል። ጣልያን ተሸንፎ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የገጠር ልጅ በአሥራ አምስት ዓመቷ ግድም ትዳር ነበር። ሁለቱን ስናገናኛቸው አያቴ የተወለዱት በ1918 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያረፉት በ2007 ዓ.ም. ነውና ወደ 90 ዓመት ኖረዋል ማለት ነው። አያችሁ? «አላውቅም» ከሚል አፍ ዕድሜ ወጣ።

ከሳቸው አያት የሰሙት ደግሞ ከዚያም ይርቃል። በ1880 ዓ.ም. ግድም «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ በቀይ ባሕር ዳርቻ በኩል ገብቶ አገሩን አዳረሰ። ስሙ ደስታ፣ ሥራው ግን ኀዘን ነበር። የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ድርቅና አንበጣም ተጨመረ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ያ የረሀብ ዘመን «ክፉ ቀን» ተባለ። አፄ ምኒልክ ሕዝቡ በዶማ ቆፍሮ እንዲዘራ ራሳቸው ዶማ አንሥተው አርአያ እንደሆኑ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በሬ ከሌለ ቀንበር ምን ይሠራል? እርፍስ ምን ይረባል? ዶማ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም። አያቴ ከአያታቸው የሰሙትን ሲያወሩ፣ «በዚያ ቀን ሁሉም በእጁ ቧጠጠ፤ ገበሬ ማለት ጉልበት የቀረው ሰው ሆነ» ይሉ ነበር።

እርፉ የማን፣ ዘሩ የማን?

የአያቴ ባል የሞቱት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አራት ልጆች ቀሩ፤ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ገና እርፍ የሚችል ክንድ አልነበረውም።

በመንዝ መሬት የሚያዘው በርስት ነበር። ርስት ደግሞ በአባትም በእናትም በኩል ይወርዳል፤ ሴት ልጅም ከወንድሞቿ ጋር ድርሻ ነበራት። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ስለዚህ አያቴ ከወላጆቻቸው ያገኙት መሬት ነበራቸው፤ ከባላቸው ለልጆቻቸው የተረፈም ነበር። ሁለት በሬም ነበራቸው። ያጡት የሚያርስ ሰው ነው። ስለዚህ ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጡ። እኩል አራሽ ማለት የሰው መሬት አርሶ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እኩል የሚካፈል ነው።

አሁን የዓመቱን ሥራ በጣታችን እንቁጠር። እናንተም አብራችሁኝ ቁጠሩ። ማረሱና መዝራቱ የአራሹ ነው። ዘሩን መምረጥ ግን የአያቴ ነው። አረሙን የሚያርሙት እሳቸውና ልጆቹ ናቸው። አጨዳው የሁሉም ነው። አውድማውን በእበት የሚለቀልቁት አያቴ ናቸው። በሬ አበራይቶ መውቃቱና ማዝራቱ የወንዶች ነው። እህሉን ማጥራት፣ ማጠራቀም፣ በድንጋይ ወፍጮ መፍጨት የሳቸው ነው። ገለባውን አስቀምጦ በሬዎቹን ለእርሻ ወቅት መቀለብም የሳቸው ነው። መንዝ ብርድ አገር ነው፤ ዛፉም ጥቂት ነው። ስለዚህ እበት ሰብስቦ ኩበት መጠፍጠፍም የሳቸው ሥራ ነበር። ጣቶቻችሁን ተመልከቱ። ስንቱ ጣት የእርፍ ነው? ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ!

ከሁሉ የሚበልጠው የዘሩ ነገር ነው። አያቴ ገና ገብሱ ማሳ ላይ ሳለ ይዞሩበት ነበር። የደህናውን ዛላ ለይተው በራሳቸው እጅ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት በሠሩት ጎታ ለብቻ ያስቀምጡታል። ያን ጎታ ማንም አይነካውም። አንድ ዓይነት ገብስ ብቻም አይዘሩም፤ ነጩም፣ ጥቁሩም፣ ሰነፍ ቆሎውም ይዘራል። «ውርጭ አንዱን ቢመታው ሌላው ይተርፋል። አንድ ልጅ ብቻ ያላት እናት እንቅልፍ የላትም» ይሉ ነበር።

ይህ የአሮጊት ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1919 ዓ.ም. ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባሉ ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ ወደ አገራችን መጥተው የስንዴና የገብስ ዓይነት እንደ ልብ የሚገኝበት አገር መሆኑን አይተው ዘር ሰብስበው ሄዱ። ያን ዓመት አያቴ ጡት የሚጠቡ ሕፃን ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የአገራችን የዘር ባንክ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ባንኩን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ከገበሬዎች ጋር ሆነው የአገር ዘር እንዳይጠፋ ስለደከሙ በ1982 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ሊቃውንቱ የሰበሰቡት ዘር ከየት መጣ? ከገበሬው ጎታ ነው። ጎታውን ማን ሠራው? ዘሩንስ ማን መረጠው?

የሞተ ሰው ግብር ይከፍላል?

ባላቸው በሞቱ በሦስተኛው ዓመት፣ ከባላቸው ወገን የሆነ አንድ ሰው መሬቱን ልያዝ ብሎ ተነሣ። ነገሩ በአገር ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሰውየው፣ «ይህች ሴት አላረሰችም፤ እርፍ ያልያዘ እንዴት ርስት ይይዛል? ልጆቹን እኔ አሳድጋለሁ» ሲል ተናገረ።

አያቴም ተነሥተው፣ «አባቶቼ፣ መሬቱን ያረሰው ይውሰድ ከተባለ ያረሱት በሬዎቼ ናቸው። ይፈረድላቸውና እነሱ ይውረሱት» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ነገር ግን ሣቅ ፍርድ አይሆንም። ማስረጃ ተጠየቀ። አያቴ በአገልግል ያስቀመጡትን የግብር ደረሰኝ አወጡ። ማንበብ አይችሉም ነበርና እያንዳንዱን ዓመት በልዩ ልዩ ቀለም ክር አስረው ነበር የሚያውቁት፤ ቀዩ ክር የፊተኛው፣ ነጩ የኋለኛው ዓመት ነው። ደብተራ ተጠርቶ ሲያነብ ግን በደረሰኙ ሁሉ የተጻፈው የሟች ባላቸው ስም ሆነ! ባላጋራው ደስ አለው። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ፣ «እንዴ! የሞተ ሰው ሦስት ዓመት ግብር ከፈለ? ገንዘቡን ከየት አመጣው?» ሲሉ ጠየቁ። ገንዘቡ የመጣው አያቴ በገበያ ከሸጡት በግ ነው። በጉን የገዙት ሰዎች መሰከሩ። ዘሩን ከማን ጎታ እንደወሰደ እኩል አራሹ መሰከረ። መሬቱም ከአያቴ ጋር ቀረ።

አድማጮች ሆይ፣ ልብ በሉ! ያን ቀን ያዳናቸው የጎረቤት ምላስ እንጂ ወረቀቱ አይደለም። ወረቀቱማ ሊጥላቸው ነበር። ምስክሮቹ ሞተው ወይም አገር ለቀው ቢሆንስ ኖሮ?

በጉና ሣሩ

የመንዝ ኑሮ ያለ በግ አይታሰብም። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ብርድ ይችላል፤ ጠጉሩ ወፍራም ነው። ጠጉሩን ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ሸማኔዎች ባናና ዝተት ይሠሩበታል። ግብር ሲመጣ በግ ይሸጣል፤ ልጅ ሲታመም በግ ይሸጣል፤ ዓመት በዓል ሲደርስ በግ ይታረዳል። ለደገኛው ገበሬ በግ ማለት ሳር እየጋጠ የሚያድግ ገንዘብ ማለት ነው።

አያቴ አውራ በግ ሲመርጡ አውራውን ብቻ አያዩም። «እናቱ ማናት? መንታ ወልዳለች ወይ? በክረምት ግልገሏን አሳድጋለች ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የምርምር ባለሙያዎች በመንዝ ከገበሬዎች ጋር ሆነው፣ የእያንዳንዱን በግ ትውልድ በመዝገብ እየያዙ፣ ከአካባቢው በግ መካከል ደህና ደህናውን አውራ የመምረጥ ሥራ ጀምረዋል። አያቴ መዝገብ አልነበራቸውም። መዝገባቸው ራሳቸው ውስጥ ነበር። በራስ ውስጥ ያለ መዝገብ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

የመንዝ ሰው ግጦሹንም በሥርዓት ይይዝ ነበር። ጓሳ የሚባለው ሰፊ የደጋ ምድር ከብዙ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል የአገሬው ደንብ ይጠበቅ ነበር። ለጥቂት ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈትና ባለመብቱ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል፤ ከብትም ይግጣል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ አሮጌ ደንብ ቀረ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ግን ሕዝቡ እንደገና ተደራጅቶ ጠበቀው። ጓሳ ዛሬም በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ ነው።

«ደስታ» የተባለውም በሽታ ነገር በዚሁ ይነገር። ከብዙ ዓመታት የክትባት ዘመቻ በኋላ በሽታው ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። አያቴ ይህን ዜና በሬዲዮ ሲሰሙ 85 ዓመት ግድም ሆኗቸው ነበር። «ደስታ ሞተ? እሰይ! እንግዲህ ስሙ ለልጆች ብቻ ይቅር» አሉ።

ስም በወረቀት ላይ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ወጣ። አዋጁ ራሱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ መሬት ያገኛል ይላል። በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክልም፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት ክልከላው እንዳይሠራ አድርጓል። ቃሉ መልካም ነበር። በሥራ ላይ ግን የገበሬ ማኅበር መዝገብ የሚይዘው በአብዛኛው የቤቱን አባወራ ስም ነበር። አያቴ መበለት በመሆናቸው በስማቸው ተመዘገቡ። ባል ያላቸው ጎረቤቶቻቸው ግን ያንኑ ሥራ እየሠሩ ስማቸው አልተጻፈም። ነገሩን አስቡት፤ አንዲት ሴት በመዝገብ ገበሬ ለመባል በመጀመሪያ ባሏ መሞት ነበረበት ማለት ነው!

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አያቴ 53 ዓመት ግድም ነበሩ። ቀን በግ ሲጠብቁ ውለው ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጠሩ። ፊደሉ ያስቸግራቸው ነበር፤ «ሀ» እና «ሁ» መልካቸው አንድ እየሆነባቸው ይናደዱ ነበር። በመጨረሻ ግን ያዙት። ስማቸውን መጻፍ በቻሉ ሰሞን አገልግሉን ከፍተው የጥንቱን ደረሰኞች አንድ በአንድ አነበቡ። ክሮቹን ፈቱ። የባላቸውን ስም እያነበቡ አለቀሱ። ከዚያም፣ «እኔስ የት ነበርኩ?» አሉ።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። የሰሜን ሸዋ ደጋም አልቀረለትም። በብዙ ቤት የዘር እህል ተበላ። ልጁ እየራበው ዘር የበላን ሰው የሚወቅስ የለም። አያቴ በጎቹን አንድ በአንድ ሸጡ፤ ከጎታው ግን አንድ ቅል ገብስ አልነኩም። ሌሊት ሌሊት ቅሉን አቅፈው ይተኙ እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። ዝናቡ ሲመለስ ያን ዘር ከአራት ጎረቤት ጋር ተካፈሉት፤ ሲደርስ ዘሩን ብቻ እንዲመልሱ ነበር ስምምነቱ። ያን ዓመት በዚያች መንደር እርፍ ያልጠፋ ብዙ ነበር። የጠፋው ዘር ነው። ታዲያ የዚያን ዓመት ገበሬ ማን ነበር?

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ጀመር። ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይገባበታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ ሚስት በደብተር ላይ ለመታየት ባሏ እስኪሞት አትጠብቅም። አያቴም የራሳቸውን ደብተር ተቀበሉ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ የጣት ቀለም አቀረበላቸው። «ተወው ልጄ፣ እኔ እጽፋለሁ» ብለው፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። እርፍ ያልጨበጠ እጅ ብዕር ጨበጠ።

እናንተስ?

ውድ አድማጮች፣ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የአገር ታሪክ በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳ ብቻ የተሠራ አይደለም። በጎታና በአውድማ፣ በበጎች በረትም ተሠርቷል። ያኛው ግን ተጽፏል። ይኼኛው በብዛት አልተጻፈም። የሚጽፈው ከእናንተ በቀር ማን አለ?

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ አንዲት አሮጊት ፈልጉ። «መቼ ተወለዱ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «አላውቅም» ይሏችኋል። «በ1966ቱ ረሀብ ምን ይሠሩ ነበር? የ1967ቱ አዋጅ ሲታወጅ ስንት ልጅ ነበርዎ?» ብላችሁ ጀምሩ። ቀጥሎ ሥራቸውን ጠይቁ፤ ምን ዘር ያስቀምጡ ነበር? ስሙ ማን ይባላል? ዛሬስ ከማን ቤት ይገኛል? የትኛዋ ላም፣ የትኛዋ በግ ቤቱን አቆመች? ግብሩ ከምን ተከፈለ? የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉት። ከላይ ስማቸውን፣ ከሥሩ ዓመተ ምሕረቱን አስፍሩ። ጽሑፋችሁ ባያምር ግድ የለም። ስሙና ዓመቱ ግን ትክክል ይሁን።

በመጨረሻም በየትምህርት ቡድናችሁ እንዲህ ብላችሁ ተወያዩ፦ በአካባቢያችን «ገበሬ» የሚባለው ማን ነው? በመሬት ደብተራችን ላይ የማን ስም አለ? የማንስ ይጎድላል? አንብባችሁ አረጋግጡ፤ አሁን ማንበብ ትችላላችሁና።

በሚቀጥለው ጊዜ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።